አመድ፣ ጠርሙስና ቀይ ጭቃ፦ ከቀጨኔ እስከ ሱሉልታ

ሰኞ፣ ቀጨኔ

የዚህ ጉዞ ጥያቄ አንድ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኝ ጭቃ፣ በባህር ዛፍ አመድና በጠርሙስ ስባሪ ደህና የሻይ ሲኒ መሥራት ይቻላል ወይ? ጆሮ የሌለው፣ በሁለት እጅ የሚታቀፍ፣ ከቡና ሲኒ ሰፋ ያለ ሲኒ ነው የምፈልገው። ውስጡ ደግሞ ግሌዝ የተቀባ። ግሌዝ የምለው እሳት ውስጥ ቀልጦ መስታወት የሚሆነውን ቅብ ነው። በየካፌው የምንጠጣበት ነጭ ሲኒ ላይ የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። የእኛ ጀበናና ምጣድ ግን ግሌዝ አያውቁም። በጠጠር ይታሻሉ፣ በእሳት ይጠነክራሉ፣ ከዚያ ይሟሻሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ የሸክላ ነገር የሚጀመረው ከቀጨኔ ነው። ከእንጦጦ ሥር ባለው በዚህ ሰፈር እናቶች ከእናቶቻቸው የተማሩትን ሥራ ዛሬም ይሠራሉ። የሚሽከረከር ማሽን የለም። ሁሉም ነገር በእጅ ነው።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ሸክላ ሠሪ ደጃፋቸው ላይ ጀበና ሲያበጁ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ጭቃ ይሸጡልኛል?»

«ጭቃ ምን ያደርግልሃል ልጄ? ጀበና ግዛ።»

ጀበናውንም እገዛለሁ አልኳቸው። የሻይ ሲኒ ልሠራ እንደሆነ ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። «ሻይ በሸክላ? ጭቃ ጭቃ አይልም?» አሉ። የግሌዝን ነገር ባጭሩ አስረዳኋቸው። መልሳቸው፣ «እንግዲህ ይሞከራላ» የሚል ነበር።

እጃቸውን ማየት ትምህርት ነው። የጀበናውን አንገት ሲያወጡ አውራ ጣታቸው ከውስጥ ነው፣ ሌሎቹ ጣቶች ከውጭ። ጭቃውን አይጎትቱትም። እየቆነጠሩ፣ በጣም በትንሽ በትንሹ፣ ወደ ላይ ይገፉታል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ እርጥብ ጨርቅ በሁለት ጣት መሃል አጥፈው ከንፈሩ ላይ ያስቀምጡና ዕቃውን በግራ እጃቸው ቀስ እያሉ ያዞሩታል። ከንፈሩ እንዲያ ነው የሚለሰልሰው። ለሻይ ሲኒ ደግሞ ከንፈር ማለት ሁሉም ነገር ነው። ሰው ሲኒውን በዓይኑ ይመርጣል፣ በከንፈሩ ይፈርድበታል።

ጭቃቸው ቀይ ነው፤ ውስጡ የገል ዱቄት አለበት። የተሰበረ ሸክላ ወቅጠው፣ በወንፊት ነፍተው፣ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ያቦኩታል። ይሄ ዝም ብሎ ልማድ አይደለም። ገሉ አንዴ እሳት ያየ ስለሆነ ዳግም አይኮማተርም። ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። እሳት ላይ ሲጣድም ድንገተኛውን ሙቀት ያስችለዋል። ምጣድ በየቀኑ ከእሳት ላይ እየወጣና እየወረደ ዓመታት የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች በአገራችን ብዙ ግፍ አይተዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኞችን በሥራቸው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ የነገሩን ክብደት ይናገራል። ስድቡ ግን በአዋጁ ብቻ አልጠፋም። እኔ ዛሬ ጭቃ ገዝቼ፣ «ሴራሚክ እሞክራለሁ» ብዬ በኩራት ስሄድ፣ እኚህ እናት በዚሁ ጭቃ ምክንያት የሰሙትን አልሰማም። ይሄን ማሰብ ተገቢ ነው።

ጭቃውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ወጣሁ። ከባድ ነው።

ማክሰኞ፣ ወደ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚወስደው ነው። ዳገቱን ጨርሰን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ አየሩ ተለወጠ። ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፤ የታጨደው ሣር ግን በየቦታው ተከምሯል። ከመንገዱ ዳር አትሌቶች በቡድን ይሮጣሉ።

የማርፈው አንድ ወዳጄ ጓሮው ውስጥ በሠራት ትንሽ ወርክሾፕ ነው። ምድጃው በጋዝ ሲሊንደር ይሠራል፤ ውስጡ እሳት በሚችል የሴራሚክ ብርድ ልብስ ተለብጧል። እዚህ ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከአየሩ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ይሄ ሯጮችን ብቻ ሳይሆን ምድጃንም ይመለከታል። ጋዙ በደንብ እንዲነድ የበርነሩ አየር መግቢያ ሰፋ ማለት አለበት። አለበለዚያ እሳቱ ቢጫ ይሆናል፣ ጥቀርሻ ይተፋል፣ ሙቀቱም አይወጣም። ውሃም እዚህ ገና 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ለሻይ ሲኒ ይሄም ቁም ነገር ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከሰዓት በኋላ አመድ ፍለጋ ወጣን። በሰፈሩ በእንጨት እንጀራ የሚጋግሩ እናት አሉ። የሚያነዱት ባህር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን መጥቶ የአዲስ አበባን ዙሪያ የሸፈነው ዛፍ፣ ቤት ሠርቶ፣ እንጀራ ጋግሮ፣ አመዱ ደግሞ ይኸው ሲኒ ሊቀባ ነው። «አመድ ለመውሰድ ነው የመጣችሁት? ሁሉንም ጥረጉልኝ» አሉን። ጠረግንላቸው።

አመድ ግሌዝ የሚሆነው ለምንድነው? መስታወት በዋናነት ሲሊካ ነው፤ የአሸዋ ዋና ማዕድን። ሲሊካ ብቻውን ለመቅለጥ 1,700 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሙቀት የእኛ ምድጃ አይደርስበትም። ስለዚህ አቅላጭ ያስፈልገዋል። የእንጨት አመድ ካልሲየም ይበዛበታል፣ ፖታሲየምም አለው። ሁለቱም የሲሊካን መቅለጫ ያወርዳሉ። የገብስ ጭድ አመድ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። እንደ ሣር ሁሉ ገብስም ሲሊካ በግንዱ ስለሚያከማች፣ አመዱ እንደ ባህር ዛፉ አያቀልጥም፤ ይልቁንም ግሌዙን ያደበዝዛል፣ ያነጣል። ሁለቱንም ያዝን።

አመዱን በባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍነው። ከላይ የሚጠልለው ውሃ እጅ ያቃጥላል። ጓንት ግድ ነው። ውሃውን ደፍቶ፣ አዲስ ጨምሮ፣ እንደገና መድፋት ነው። ሳይታጠብ የተቀባ አመድ የሚሟሟው ክፍሉ ወደ ጭቃው ውስጥ ይሰርግና ሲደርቅ ጫፍ ጫፉ ላይ ተሰብስቦ ይታያል፣ ግሌዙም ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ረቡዕ፣ የቀጭን ጭቃ ቀን

ሲኒዎቹን በጠዋት በእጄ ቆንጥጬ ሠራሁ። ጠፈፍ እስኪሉ ጠበቅሁ። ጠፈፍ ማለቱ እዚህ ሁሉንም ነገር ይወስናል። ጣት ሲጫነው የማይጎደጉድ፣ ጥፍር ሲነካው ግን ምልክት የሚይዝ ጊዜ አለ። ቀጭን ጭቃ፣ ማለትም በውሃ ተበጥብጦ ዕቃ ላይ የሚቀባው ጭቃ፣ የሚቀባው በዚያች ሰዓት ነው። ቀድሞ ከተቀባ ሲኒው ይዘረጠጣል። ከዘገየ ደግሞ ሲኒው መኮማተሩን ስለጨረሰ፣ አዲስ የተቀባው ብቻውን ይኮማተርና ተቀርፎ ይወድቃል።

ቀጭኑን ጭቃ በሁለት ዓይነት አዘጋጀሁ። አንደኛው ያው ቀዩ ጭቃ ሲሆን በውሃ ተበጥብጦ፣ አሸዋው ዘቅጦ፣ ከላይ የቀረው ልሙ ብቻ ተቀድቶ ነው። ሁለተኛው ነጭ ነው። መሠረቱ ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ አፈር ነው፤ አገራችን ውስጥ ስሙ የሚጠራው የደቡቡ የቦምቦዋሃ ካኦሊን ነው። ነጩ ቀዩን እንዲይዘው የሲኒውን ጭቃ ጥቂት ጨመርኩበት፤ እሳት ላይም እንዲጣበቅ የተፈጨ ጠርሙስ በማንኪያ ጫፍ።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስንጫወትበት ዋልን።

የሰንበሌጥ መጥረጊያ ጫፉን ቆርጠን እንደ ብሩሽ ተጠቀምንበት። ነጩ ጭቃ በቀዩ ላይ በአንድ ዙር ይሄዳል። ሣሩ ሻካራ ስለሆነ መስመር መስመር ይተዋል። ከመስመሩ መሃል ቀዩ ብቅ ይላል። ኮሪያውያን በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቡንቾንግ በሚባለው ሸክላቸው ላይ ነጭ ጭቃ በሻካራ ብሩሽ ይቀቡ ነበር። ጃፓኖች ያንን አይተው ወደዱት፣ ለሻይ ሥርዓታቸውም መረጡት። ውበቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። እጅ ካመነታ ያስታውቃል። ወዳጄ አንዴ አዙሮ ትቶ ይነሳል። እኔም እሱን እያየሁ እንዲያ ማድረግ ያዝኩ።

የቃጫ ገመድ በሲኒው ጎን ላይ ማንከባለል ሌላው ነበር። ጉድጓዱን በነጭ ሞልተን ጠፈፍ ሲል ከላይ ፋቅነው። ቀይ መሬት ላይ ነጭ የገመድ ጥለት ቀረ። የበቆሎ ቆረቆንዳም ሞክረናል፤ ጥለቱ በጣም ስለሚደጋገም ለትልቅ ዕቃ እንጂ ለሲኒ አይሆንም። ከፋርማሲ በተገዛ ሲሪንጅ ወፍራም ጭቃ ማንጠባጠብም ይቻላል። ጠብታው ለእጅ ደስ ይላል፣ ሲኒው አያንሸራትትም።

ከሁሉም ልቤ የቀረው ግን ስንጥቅጥቁ ነው። ሲኒው ገና ወፍራም ሲሊንደር እያለ፣ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ሶዲየም ሲሊኬት ከውጭ ይቀቡታል። ላዩን ብቻ በእሳት ነበልባል ያደርቁታል። ከዚያ ከውጭ ሳይነኩ፣ ከውስጥ በጣት ብቻ ወደ ውጭ መግፋት ነው። ቆዳው ደርቋል፣ ውስጡ እርጥብ ነው። ስለዚህ ላዩ ይፈነዳል። መጀመሪያ የፀጉር ያህል መስመር ይታያል። ትንሽ ሲገፋ መስመሩ ይከፈታል፣ ከሥሩ እርጥቡ ቀይ ጭቃ ይወጣል። ሲጨርስ በጋ የመታው የዋልካ መሬት ይመስላል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ክረምት ወጥቶ ጥር ሲገባ የሚታየውን ማለቴ ነው። ከዚህ በላይ የቦታው የሆነ ጥለት አላውቅም።

የተወሰኑትን ምንም አላደረግናቸውም። ቀዩን ልም ቀብተን፣ ጠፈፍ ሲሉ፣ እንደ ቀጨኔ እናቶች በለስላሳ ጠጠር አሸናቸው። እሽታው ቅንጣቶቹን ያስተኛቸዋል፤ ብርሃን የሚመልሱት ለዚያ ነው። ያለ ምንም ግሌዝ ያበራሉ።

ሐሙስ

ነፋስ። ሌሊቱን ውርጭ ነበር፣ ቀኑን ደረቅ ነፋስ። ነፋስ ከንፈሩን ቀድሞ ያደርቀዋል፤ መቀመጫው ገና እርጥብ ነው። በዚያ ልዩነት ሲኒ ይሰነጠቃል። ሁሉንም በፌስታል ሸፍነን ጥላ ውስጥ አስቀመጥናቸው። ለሳምንቱ ወደ ከተማ ተመለስኩ።

የሚቀጥለው ረቡዕ፣ የመጀመሪያው እሳት

ሲኒዎቹ ደርቀዋል። ጉንጭ ላይ ሲያስጠጓቸው አይቀዘቅዙም። የሚቀዘቅዝ ከሆነ ውስጡ ገና ውሃ አለ ማለት ነው። ያ ውሃ ምድጃ ውስጥ እንፋሎት ይሆንና ዕቃውን ይበትነዋል።

እሳቱን በጣም ቀስ አድርገን ጀመርን። እስከ 200 ዲግሪ ድረስ ክዳኑ ትንሽ ክፍት ነው። መስታወት ከላይ ሲያስጠጉ ጉም ይይዛል። ጉሙ ሲቀር ክዳኑ ይዘጋል። 573 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ እንደገና መታገስ ያስፈልጋል። ጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ፣ የሲሊካ ክሪስታል፣ እዚያ ላይ በድንገት መጠኑን ይለውጣል። ሲወጣም ሲወርድም ያው ነው። ሲኒዎች ሲቀዘቅዙ በሌሊት «ጠቅ» ብለው የሚሰበሩት ብዙ ጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ተቸኩሎ ነው። 950 ላይ አቆምን።

ከሲኒዎቹ ጋር የጭቃ በትሮችም አስገብተናል። ቀጫጭን ናቸው፣ በሁለት ጫፋቸው ብቻ የተደገፉ፣ መሃላቸው አየር ላይ። ይህ ጭቃ ምን ያህል እሳት እንደሚችል የሚነግሩን እነሱ ናቸው። በትሮቹን ከዚያ ለብቻቸው በየደረጃው፣ ከ950 በላይ በተለያየ እሳት አየናቸው። 1,050 ላይ ቀጥ ብለዋል። 1,100 ላይ ለዓይን እምብዛም የማይታይ ጉብጠት። 1,150 ላይ ግን እንደ ጅራፍ ተለምጠዋል። ቀይ ጭቃ ብረት አለው። ብረቱ ቀለሙን ይሰጠዋል፣ ቶሎም ያቀልጠዋል።

የጉዞው ትልቁ ውሳኔ እዚህ ላይ መጣ። የምሥራቅ እስያ የአመድ ግሌዝ 1,200 ዲግሪን አልፎ ነው የሚቀልጠው። የእኛ ጭቃ እዚያ ሳይደርስ ይተኛል። ስለዚህ አመድ ብቻውን አይበቃንም። ዝቅ ባለ እሳት የሚቀልጥ ጓደኛ ይፈልጋል። ጠርሙሱ የገባው ለዚህ ነው።

ሐሙስ፣ ባልዲና ወንፊት

ጠርሙስ አንዴ የቀለጠ መስታወት ነው። ሶዲየምና ካልሲየም አብረውት አሉ። ነጭ ጠርሙስ መረጥን፤ ቡናማው የቢራ ጠርሙስ የራሱን ቀለም ይዞ ይመጣል። በብረት ሙቀጫ፣ ውሃ እየጨመርን ወቀጥነው። በደረቁ መውቀጥ አደገኛ ነው። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ማስክም አድርገን ነበር። ይሄን የሚሞክር ሰው ካለ እባካችሁ ይሄን አትዝለሉ።

ሦስተኛው ዕቃ ቦራክስ ነው። ወርቅ አንጥረኞች ሲበይዱ የሚጠቀሙበት ነጭ ዱቄት። እነሱ ዘንድ የብረቱን ዝገት አቅልጦ ያጠራል፤ እዚህ ግሌዙን ዝቅ ባለ እሳት ያቀልጣል። ችግሩ ውሃ ውስጥ መሟሟቱ ነው። የሱሉልታ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የተሟሟው ቦራክስ ተመልሶ ክሪስታል ይሆናል። ጠዋት ባልዲው ሥር ስኳር የመሰለ ጠጠር ታገኛላችሁ። ስለዚህ በተበጠበጠበት ቀን መቀባት አለበት።

አመዱንና ጠርሙሱን በደረጃ አቀያየርናቸው። አንደኛው ጠርሙስ ይበዛበታል፣ የመጨረሻው አመድ ይበዛበታል፣ መሃል ላይ ያሉት እየተቀናነሱ ነው። እያንዳንዱን በትንሽ የሸክላ ቁራጭ ላይ ቀባን። ቁራጩ ጀርባ ላይ ቁጥሩን በብረት ዝገት ውሃ ጻፍን፤ እሳት አያጠፋውም። እርሳስ የሚባለውን ብረት በምንም መልኩ አላስገባንም። እርሳስ በዝቅተኛ እሳት ቆንጆ ያቀልጣል፣ ያበራልም። ግን ሎሚ ያለበት ሻይ ቀስ በቀስ ያወጣዋል። እኛ አገር ደግሞ ሻይ በሎሚ መጠጣት የተለመደ ነው።

ዓርብ፣ ሁለተኛው እሳት

1,080 ዲግሪ። ከቴርሞሜትሩ ሌላ ኮን አስገብተናል። ኮን ከሴራሚክ የተሠራች ትንሽ ሹል ነገር ናት። ሙቀቱንና የቆየበትን ጊዜ ደምራ ትጎነበሳለች። በመመልከቻው ቀዳዳ ሲያዩዋት ሁሉም ነገር ብርቱካናማ ነው፣ ኮኗ ራሷ እምብዛም አትለይም። ጫፏ ወለሉን ሲነካ ጋዙን ዘጋን።

ጥቂት ሲኒዎችን ግን ወደ ኋላ አስቀርተን፣ ማታ ላይ በሌላ መንገድ ሞከርናቸው። 1,000 አካባቢ እያሉ በረጅም ጉጠት ከምድጃው አወጣናቸው። የገብስ ጭድ የሞላበት ቆርቆሮ በርሜል ውስጥ ከተን ክዳኑን ደፋነው። ጭሱ ሰፈሩን ሞላው።

ይህ መንገድ ራኩ ይባላል። መነሻው ኪዮቶ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቾጂሮ የሚባል ሸክላ ሠሪ ለሻይ ሊቁ ለሴን ኖ ሪክዩ በእጁ፣ ያለ ማሽከርከሪያ፣ ሲኒ ይሠራ ነበር። ጋል ያለውን ዕቃ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ውስጥ መክተቱ ግን የጃፓን አይደለም። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፖል ሶልድነርና ሌሎች ያስፋፉት ነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የእኛ ሸክላ ሠሪዎች ጀበናን የሚያጠቁሩት ከእሳት እንደወጣ ቅጠልና ገለባ ላይ አድርገው፣ ጭሱን በማብላት ነው። በእጅ መሥራቱም፣ በጋለበት ማጨሱም እናቶቻችን እጅ ላይ ነበር። የጎደለው ግሌዙ ብቻ ነው።

የቀጨኔው ጭቃ ያንን ድንጋጤ ቻለ። ገል ስላለበት ነው። አንድም አልተሰነጠቀም።

ቅዳሜ፣ ሲኒዎቹ ሲወጡ

ጠዋት ምድጃው 80 ዲግሪ እስኪደርስ አልከፈትነውም።

አንዱን ሲኒ ልግለጸው። ውጩ በሰንበሌጥ የተቀባ ነጭ ነው፣ ውስጡ የአመድና የጠርሙስ ግሌዝ። ከንፈሩ ላይ ግሌዙ ስለሳሳ ቡናማ ነው፤ የጭቃው ብረት ሰርጎ ገብቶበታል። ወደ ታች ሲወርድ ወደ ማር ቀለም ይሄዳል። ወለሉ ላይ ተጠራቅሞ የወይራ ቅጠል አረንጓዴ ሆኗል። ጥፍር የሚያህል ጥልቀት አለው። ብርሃን ሲገባበት ሥሩ ያለው የጣቴ አሻራ ይታያል። ከውጭ በሰጠነው ቀለም የመጣ ምንም የለም። አመዱ፣ ጠርሙሱና ቀዩ ጭቃ ብቻ ናቸው።

ውጩንም ጭምር ግሌዝ የቀባናቸው ሲኒዎች ግን አላረኩኝም። የሰንበሌጡ መስመር ሰጥሟል። የዋልካው ስንጥቅ በመስታወት ተሞልቶ ጠርዙን አጥቷል። እጅ ሲይዘው አንድ ዓይነት ልስላሴ ብቻ ነው የሚሰማው። ወዳጄ አይስማማም። «ሲታጠብ ይቀላል፣ ገዢም የሚያበራ ነገር ይወዳል» ይላል። እኔ ግን ቆርጫለሁ። ግሌዝ ሻይ የሚነካው ቦታ ነው ቤቱ፤ ከውስጥ፣ ከከንፈሩ እስከ ጣት ስፋት ወደ ውጭ። ከዚያ በታች ያለው የጭቃው ነው። እጅ ጭቃውን፣ መጥረጊያውን፣ ስንጥቁን ይንካ። የሞቀውን ሲኒ መያዝም በዚህ ይቀላል። ሻካራው ጎን መዳፍ ላይ ሙሉ በሙሉ አይለጠፍም። እዚህ ከፍታ ላይ የሚፈላው ውሃ ደግሞ 91 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ ጆሮ የሌለው ሲኒ ሱሉልታ ላይ ከጅቡቲ ይልቅ ይያዛል።

በጭድ የታጠኑት ውጫቸው ጥቁር ሆኗል፤ ነጩ ጭቃ ደግሞ ግራጫ። ያማሩ ናቸው። ውስጣቸው ግን አንድ ነገር አጋልጠዋል። ጭሱ በግሌዙ ላይ ያሉትን ስንጥቆች ሁሉ በጥቁር ቀለም አሳየን። ጠርሙስ የበዛበት ግሌዝ ሲቀዘቅዝ ከጭቃው የበለጠ ይኮማተራል። ጠባብ ልብስ ስፌቱ ላይ እንደሚተረተር እሱም ይሰነጠቃል። ሳይታጠኑ ከምድጃው የወጡት ላይ ስንጥቁ ስለማይታይ ጤነኛ ይመስላሉ። እነሱንም ሻይ ሞልተን አሳደርናቸው።

እሑድ፣ የሎሚ ፈተና

ጠዋት ጠርሙስ የበዛባቸው ሲኒዎች ሥራቸው ርሷል፤ ጠረጴዛው ላይ ክብ ምልክት ትተዋል። ሻይ በስንጥቁ ገብቶ በጭቃው ወጥቷል። ጃፓን ውስጥ እንዲህ ቀስ እያለ የሚገባ የሻይ ቀለምን የሚወዱ አሉ፤ የሲኒው ዕድሜ ይሉታል። እኛ ስኳር እንጠጣለን። ስኳር የገባበት ስንጥቅ አይጸዳም። ስለዚህ እነዚህ ለሻይ አይሆኑም።

ሎሚው ሌላ ፈተና ነው። ግማሽ ሎሚ ግሌዙ ላይ ተደፍቶ ያድራል። ጠዋት ታጥቦ በብርሃን ይታያል። የነካው ቦታ ከደበዘዘ ግሌዙ እየሟሟ ነው ማለት ነው። ቦራክስ የበዛበት ደብዝዟል። ቀለበት የሚያህል ድንግዝ ያለ ክብ። እሱም ተጣለ። ያልደበዘዘው ሁሉ ግን ተፈትኖ አልቋል ማለት አይደለም። ለሽያጭ ከሆነ ላቦራቶሪ ማየት አለበት።

የተረፈው መሃል ላይ ያለው ነው። ስንጥቁን ለማጥበብ ከጠርሙሱ ቀንሰን ኳርትዝና ካኦሊን አስገብተንበት ነበር። በክብደት ጠርሙስ 45፣ የታጠበ የባህር ዛፍ አመድ 20፣ ካኦሊን 15፣ የኳርትዝ ዱቄት 10፣ ቦራክስ 10። 1,080 ዲግሪ ላይ። አልረሰም፣ አልደበዘዘም። የገብስ ጭድ አመድ የገባበት ደግሞ ወተት የመሰለ ደብዛዛ ነጭ ሰጥቷል። ያንን ለብቻው ልመለስበት እፈልጋለሁ።

ቁርስ ላይ ሻይ በቅርንፉድና በቀረፋ ተፈላ። የግቢው ጥበቃ፣ ጋሼ፣ የዋልካውን ሲኒ አነሱ። በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት አዞሩት። «ውጩ ሸክላ ነው፣ ሻዩ ግን ሸክላ ሸክላ አይልም» አሉ። ከዚያ ከንፈሩን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «እዚህ ጋ ግን ወፍራም ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። በሚቀጥለው ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ፣ እየዞረ፣ እስኪሳሳ ድረስ ነው የምሠራው። ጭቃውም ከዚያው ከቀጨኔ ይሆናል። እማማ ካልተቸገሩ፣ የመጀመሪያዎቹን ከንፈሮች እሳቸው እንዲያወጡልኝ፣ በዋጋቸው፣ እጠይቃቸዋለሁ።